ልብ ወለድ መጽሐፍ በቤተ ሰብ መካከል



ይህ ንግግር ስለ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው፤ ይኸውም ልብ ወለድ ለአንባቢው ምን እንደሚጠቅመው፣ ይልቁንም አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ወደ ቤቱ ሰዎች በሚመለስበት ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው የሚናገር ነው። ለመምህራን የሆነበት ምክንያት መጽሐፍን በልጆች እጅ የሚያስይዙ እነርሱ ስለ ሆኑ ነው፤ ለሽማግሌዎችም የሆነበት ምክንያት በየቤቱ የሚነበበውና የማይነበበው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ፈቃድ ስለሚቈረጥ ነው።

በገጠር ልብ ወለድ የሚያነብ ወጣት ሁለት ዐይነት ነቀፋ ይደርስበታል። አንደኛው፣ «ያልሆነውን ሆነ፣ ያልተናገረውን ተናገረ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ ውሸትንስ ማንበብ ምን ይረባል?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «የሰው ፍቅርና የሰው ጠብ ሲያነብ የሚያመሽ ልጅ ነገ ማለዳ በሬ ለመጥመድ ይሰንፋል፤ ሐሳቡም ከቤቱ ይሸሻል» የሚል ነው። እነዚህ ነቀፋዎች የሚናቁ አይደሉም፤ የሚናገሯቸውም ሰዎች ለልጆቻቸው አስበው ነውና። ስለዚህ አስቀድሞ ለእነርሱ መልስ መስጠት ይገባል።

ለፊተኛው ነቀፋ መልስ የሚሆን ነገር በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት በወሰደና ኦርዮንንም በጦር ሜዳ ባስገደለ ጊዜ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ገባ፤ ነገር ግን በቀጥታ አልገሠጸውም። ስለ ሁለት ጎረቤቶች አንድ ታሪክ ነገረው እንጂ። አንደኛው ባለ ብዙ መንጋ ነው፤ ሁለተኛው ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም የሌለው ድኃ ነው፤ ጠቦቲቱም ከልጆቹ ጋር እንደ ልጅ ያደገች ናት። ለባለጠጋው እንግዳ በመጣበት ቀን ከራሱ መንጋ ማረድ ሳሳና የድኃውን ጠቦት አረደ። ያ ባለጠጋ በምድር ላይ የኖረ ሰው አይደለም፤ ድኃውም አልኖረም፤ ጠቦቲቱም አልታረደችም። ዳዊት ግን ይህን በሰማ ጊዜ በባለጠጋው ላይ ቍጣው ነደደ፤ ሞትም ፈረደበት። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን አስታወቀው፤ ንጉሡም ኃጢአቱን አወቀ።

እንግዲህ ናታን ውሸት ተናገረ ሊባል ይቻላልን? አይቻልም። ውሸት የሚባለው ሰሚውን ከእውነት የሚያርቅ ነው፤ የናታን ታሪክ ግን ንጉሡን ወደ ሸሸው እውነት መለሰው። ደግሞም ከዚህ ታሪክ አንድ ሌላ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ዳዊት ፍርድ ያልጐደለው ሰው ነበረ፤ ለድኃው አዘነ፤ በበዳዩም ላይ በቅን ፈረደ። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ የራሱ ቦታ የትኛው እንደ ሆነ አላወቀም። የዚህ ንግግር ፍሬ በዚህ ነገር ላይ ነው።

በአማርኛ ቋንቋ የልብ ወለድ መጽሐፍ ዕድሜ ገና ረጅም አይደለም። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት መጽሐፍ የመጀመሪያው ነው። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ፤ በኋላ ግን በውስጧ ባለችው ልጃገረድ ስም «ጦቢያ» ተባለ፤ «ልብ ወለድ» የሚለውም ቃል የዚህ ዐይነት መጽሐፍ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከእርሳቸው በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን፣ በ1923 ዓ.ም. የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ የሚናገረውን «የልብ ሐሳብ»ን፣ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ጻፉ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አወጡ፤ ይህም መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተተረከ ጊዜ ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ሳይቀሩ ሰምተውታል።

ከእነዚህ መጻሕፍት በፊት ንባብ አልነበረም ማለት አይደለም። ገድል ነበረ፤ ዜና መዋዕል ነበረ፤ ድርሳንና ተአምር ነበረ። ነገር ግን ገድል የቅዱሳንን ተጋድሎ፣ ዜና መዋዕልም የነገሥታትን ዘመቻ የሚናገር ስለ ሆነ፣ የአንዲት ባላገር እናት ጓዳ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኘም። ልብ ወለድ ግን ወደ ጓዳ ገባ። ጦቢያን የሚያነብ ሰው ብዙ ጦርነትና ብዙ መንገድ ያያል፤ ሆኖም ያን ሁሉ መንገድ ያስኬደው ነገር የቤተ ሰብ ፍቅር መሆኑን ያስተውላል። አባቱን ከጭንቅ ያወጣውን ደግ ነጋዴ ፈልጎ ውለታ ለመክፈል ወንድሙ ከቤት ይወጣል፤ የወጣው በቀረ ጊዜም እኅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትሄዳለች። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ነገሥታትና ጭፍሮች ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ናፍቆት ዙሪያ የቆሙ ናቸው።

አሁን ስለ ቤተ ሰብ ስሜት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በብዙው የኢትዮጵያ ገጠር ፍቅር ሞልቶ ሳለ የፍቅር ቃል ጥቂት ነው። አባት ልጁን በሰው ፊት አቅፎ አይስምም፤ ሌላ ሰው ቢያመሰግንለት እንኳ «ገና ምኑን አይታችሁ» ብሎ ያሳንሰዋል፤ ይህንም የሚያደርገው ልጁ እንዳይታበይና የሰው ዐይን እንዳይወጋው ሰግቶ ነው። ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። የከፋው ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነገሩን ይውጠዋል። ይህ ሁሉ ጨዋነት ነው፤ ብዙ ቤትንም ከብዙ ጠብ ጠብቋል። ዳሩ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለሞተ ሰው አልቃሽ አለችው፤ ሙሾ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ ደግነቱን የሚያወሳበት ቀን አለው። በሕይወት ላለው ሰው ግን «ስትሄድ ቤቱ ይጨልምብኛል»፣ ወይም «ያን ዕለት በተናገርኸኝ ቃል እስከ ዛሬ አዝናለሁ» የሚባልበት ቀን አልተወሰነለትም። ስለዚህ ብዙ ልጅ የአባቱን ልብ የሚሰማው በአባቱ ለቅሶ ላይ፣ አልቃሿ በምትናገርበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መልስ መስጠት አይቻልም።

ልብ ወለድ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው በዚህ ነው። ደራሲው ዝም ካለው ሰው ልብ ገብቶ አፉ ያልተናገረውን ይጽፋል፤ አንባቢውም ሰው ዝም ባለ ጊዜ ውስጡ ባዶ አለመሆኑን ይማራል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተሳሉት። ስለቱን ያወጣው ፍቅር ነው፤ ልጅ አጣለሁ ብሎ የፈራ ወላጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በዛብህ አድጎ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ግን ያ በፍቅር የተሳለ ስለት በትከሻው ላይ ቀንበር ሆነበት። ስለዚህ አንባቢው፣ ወላጆቹ ክፉዎች ናቸው ብሎ መፍረድ አይችልም፤ ልጁም ከሐዲ ነው ብሎ መፍረድ አይችልም። ፍቅር ራሱ፣ ሳይጠይቅ የወሰነ እንደ ሆነ፣ የሚወደውን ሰው ሊያስር እንደሚችል ያያል። እንዲህ ያለው ነገር በምክር ቢነገር ልጅ የወላጁን፣ ወላጅም የልጁን ጥፋት ብቻ ይሰማበታል፤ በታሪክ ሲነገር ግን ሁለቱም ባንድነት ያዝናሉ።

ይህ የልብ ወለድ ጥቅም ነው። ቀጥሎ ግን አንባቢው ስለሚወድቅበት ጕድጓድ መናገር ይገባል።

ማንም አንባቢ መጽሐፍ ሲከፍት ሳያውቀው በታሪኩ ውስጥ አንድ መቀመጫ ይመርጣል። የሚመርጠውም ሁልጊዜ የተበዳዩን መቀመጫ ነው። ሰብለ ወንጌል አባቷ በአጥንት ክብር ምክንያት ጠያቂዎቿን ሁሉ ሲመልሱባት ያላዘነ አንባቢ የለም፤ ፊታውራሪ መሸሻንም ያልታዘበ የለም። ነገር ግን ራሱን በፊታውራሪ መሸሻ መቀመጫ አስቀምጦ፣ «በዚህ ነገር እኔ እርሳቸውን እመስላለሁን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ስንት ነው? እንደ ንጉሥ ዳዊት ሁሉም በባለጠጋው ይቈጣል፤ የድኃው ጠቦት ግን በየሰው ጓዳ ትታረዳለች።

ይህ ነገር ይበልጥ ይገለጥ ዘንድ አንድ አባት በምሳሌ ይታይ። ይህ አባት ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሟል፤ ንባብ ይወዳል፤ በመንደሩም በሽምግልናው የተከበረ ነው። ከመምህሩ ዘንድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተውሶ በየማታው ከእራት በኋላ ለቤተ ሰቡ ያነባል። ሚስቱ ጥጥ ትፈትላለች፤ የ15 ዓመት ልጁ ቡና ታፈላለች፤ ትንንሾቹ በመደቡ ላይ ተጋድመው ይሰማሉ። ስለ ሰብለ ወንጌል ብቸኝነት የሚናገረው ክፍል በደረሰ ጊዜ የአባትየው ድምፅ ተሰበረ፤ መጽሐፉንም ለጥቂት ጊዜ ዝቅ አድርጎ ዐይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ልጆቹ አባታቸው ሲያለቅስ አይተው ስለማያውቁ ዝም አሉ።

በሳምንቱ ከማዶ መንደር ሽማግሌዎች ልጅቱን ለመጠየቅ መጡ። አባትየው ተቀብሎ አስተናገዳቸው። የጠያቂው ወገን መሬት ያለው፣ ስሙም ያልጐደፈ ስለ ሆነ ደስ አለው፤ ነገሩን ለመጨረስም ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ሰጣቸው። ልጅቱ ጠላ እየቀዳች ሁሉንም ሰማች። አልተናገረችም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

በዚያች ማታ አባትየው እንደ ልማዱ መጽሐፉን አወጣ። ሚስቱ እንዝርቷን አስቀምጣ እንዲህ አለችው፦ «ዛሬስ ባያነቡት ይሻላል። ለዚያች ለመጽሐፏ ልጅ አለቀሱላት፤ የራስዎን ልጅ ግን ምን ትያለሽ ብለው አልጠየቋትም።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም።

አባትየው መጀመሪያ ተቈጣ። በቤቱ እንዲህ ያለ ንግግር ለምዶ አያውቅምና መብራቱን አጥፍቶ ተኛ። እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። ፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢተኛ ናቸው፤ እርሱ ትዕቢተኛ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ጠያቂ ይመልሳሉ፤ እርሱ ጠያቂ ተቀበለ። ስለዚህ እርሳቸውን አይመስልም ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ። ነገር ግን ሁለቱ አባቶች በአንድ ነገር አንድ ሆኑበት፤ አንዱም ልጁን አልጠየቀም። ያችን ሌሊት መጽሐፉን እንደ ገና ያነበበ ያህል ሆነ፤ በዚህ ጊዜ ግን በሌላ መቀመጫ ተቀምጦ ነው።

በማግሥቱ ልጁን ወደ ማሳው ዳር ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣትና የልቧን እንድትነግረው ለመናት። እርሱ የጠበቀው ሌላ ወጣት ወድጃለሁ እንድትል፣ ወይም ትምህርቴን ልጨርስ እንድትል ነበር። ትምህርቷን መጨረስ እንደምትወድስ ተናገረች። ነገር ግን ያስለቀሳት ሌላ ነገር ነው፦ «አባባ፣ የእማዬ ዐይን ማየት እየተሳነው ነው። እንጀራ ስትጋግር ምጣዱን በእጅዋ ዳስሳ ነው። እህሉን የምለቅምላት፣ ክሩን የማያይዝላት እኔ ነኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምላኛለች። እኔ ከሄድኩ ማን ያይላታል?»

አባትየው በዚያ ቤት ከዚያች ሴት ጋር 20 ዓመት ኖሯል። በየማታው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የሰው ታሪክ ያነብላት ነበር፤ ዐይኗ መድከሙን ግን አላየም። እርሷም የዐይኗን ነገር የሸሸገችው ባሏን ላለማስጨነቅ ነው፤ ልጅቱም ዝም ያለችው የእናቷን ምሥጢር ለመጠበቅ ነው። በተለይ ደግሞ ያች እናት፣ ልጅቱ ብትሄድ ብርሃኗ የሚሄድባት እርሷ ሆና ሳለች፣ ስለ ራሷ አንድ ነገር ሳትናገር ስለ ልጅቱ ፈቃድ ብቻ ተናገረች። በአንድ ጣራ ሥር ሦስት ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተዋደዱ እርስ በርሳቸው አይተያዩም ነበር።

በቀጠሮው ቀን አባትየው ለሽማግሌዎቹ ልጁን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ቀጠሮ መስጠቱ ጥፋት መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ለመነ፤ ልጅቱም ገና ተማሪ መሆኗን ነገራቸው። ለአንድ የተከበረ ሽማግሌ ይህን በሰው ፊት መናገር ቀላል አይደለም፤ ከሽማግሌዎቹም አንዱ ቅር ብሎት ሄደ። በቀጣዩ ሳምንት ሚስቱን በበቅሎ አስቀምጦ ወደ ሐኪም ወሰዳት፤ የዐይን ሞራ እንደ ሆነ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነውና። መጽሐፉን ግን ለመምህሩ ወዲያው አልመለሰም፤ ገና አልጨረስሁትም አለ።

ይህ ምሳሌ የሚያስተምረው ነገር ግልጥ ነው። በመጽሐፍ ላይ ማልቀስ መልካም ነው፤ ልብ አለመድረቁን ያሳያልና። ነገር ግን በመጽሐፍ ላይ ማልቀስ ዋጋ አያስከፍልም። ሰብለ ወንጌል ከአንባቢዋ ጥሎሽ አታስመልስም፤ የሽማግሌ ፊት አታስቀይምም። የገዛ ልጅን መጠየቅ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ የአንባቢው ርኅራኄ የሚፈተነው ዋጋ በሚያስከፍልበት በገዛ ቤቱ ነው።

ስለ ጋብቻ ሕግም መኖሩ የታወቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ያዝዛል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ ከ18 ዓመት ጀምሮ አድርጎታል። ሕግ አስፈላጊ ነው፤ የሚጠብቀውም ሰው ሊኖር ይገባል። ነገር ግን ሕግ አባትን «አትዳር» ብሎ ይከለክለዋል እንጂ፣ ልጁ ስለ እናቷ ዐይን የምታስበውን አይነግረውም። ሕግ በደጅ ሆኖ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ ውስጥ ገብቶ የቤቱን ሰው ልብ ማወቅ ያባወራውና የእማወራዋ ሥራ ነው።

መምህራንም ከዚህ ነገር ነፃ አይደሉም። «አዲስ ዓለም» በተባለው የብላቴን ጌታ ኅሩይ መጽሐፍ ውስጥ አወቀ የተባለው ወጣት ባሕር ማዶ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ስለ ለቅሶና ስለ ተዝካር፣ ስለ ጋብቻም ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይጣላል። ከማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቶ ወደ ገጠር የመጣ መምህር ይህን ሲያነብ ወዲያው ራሱን በአወቀ መቀመጫ ያስቀምጣል፤ «ያልገባቸው ዘመዶች ያስቸገሩኝ እኔ ነኝ» ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በዘመዶቹ መቀመጫ ተቀምጦ ቢያነበው ሌላ ነገር ያያል። ለእነዚያ ሰዎች ተዝካር ለሞተ ወንድማቸው የቀራቸው የመጨረሻ የፍቅር ሥራ ነው፤ ድግሱ ተበድረው የሚከፍሉት ቢሆንም ባዶ ልማድ አይደለም። ይህን የተረዳ መምህር ብድሩን ለማስቀረት ይመክራል፤ ፍቅራቸውን ግን አይሰድብም። ምክሩም ይሰማለታል። ልጅዋ ተምሮ ሲመጣ ምግቡን እየተጸየፈ፣ ንግግሯን እያረመ የሚያሳዝናት እናት በየመንደሩ አለች፤ እርሷም ነገሩን ዋጥ አድርጋ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ትላለች እንጂ አትናገረውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነቀፋ መመለስ ይገባል። ልብ ወለድ የሚያነብ ልጅ ሰነፍ ይሆናል፤ ሐሳቡም ከቤቱ ይሸሻል የሚለው ነቀፋ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህም የሚሆነው ልጁ ብቻውን ተደብቆ ያነበበ እንደ ሆነ፣ የሚያነበውንም የሚጠይቀው ሰው ያጣ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ፍቅር የሚያምር፣ በቤቱ ያለው ፍቅር ግን የደረቀ ይመስለዋል። የመጽሐፉ ሰዎች በሚያምር ቃል ይነጋገራሉና፤ እናቱ ግን «በላህ ወይ?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላትም። «በላህ ወይ?» የሚለው ቃል በእናቱ አንደበት ምን ያህል ነገር እንደ ያዘ የሚያስተረጕምለት ሰው ያስፈልገዋል። ደግሞም በልብ ወለድ የተጻፈ ሁሉ ሊከተሉት የሚገባ አይደለም፤ ደራሲ የሰውን ጥፋት የሚጽፈው እንዲታይ እንጂ እንዲደገም አይደለምና።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ የሚከተሉት አራት ነገሮች ቢደረጉ ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ልብ ወለድ በተቻለ መጠን ድምፅ ተሰምቶበት በጋራ ይነበብ። ተማሪው ከመምህሩ የተዋሰውን መጽሐፍ በማታ ለወላጆቹ ጥቂት ጥቂት ገጽ ያንብብላቸው። ይህን ሲያደርግ ንባቡ ይሻሻላል፤ ማንበብ የማይችሉትም እናቱና አባቱ የታሪኩ ተካፋይ ይሆናሉ፤ በራሳቸው ስም ሊናገሩት የማይደፍሩትንም ነገር በመጽሐፉ ሰዎች ስም መነጋገር ይችላሉ። የማሳው ሥራ በሚበዛበት ወራት ንባቡ ይቀንስ፤ ማንም ሰው በመጽሐፍ ምክንያት ከሥራው አይጕደል።

ሁለተኛ፤ መምህሩ ስለ ታሪኩ ሲጠይቅ «ማን ምን አደረገ?» በሚለው ብቻ አይቁም። «በዚህ ቦታ ዝም ያለው ማን ነው? ስለ ምን ዝም አለ? ቢጠይቁት ምን ይል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ቀጥሎም፣ «የበደለውን ሰው መቀመጫ የሚወስድ ማን ነው?» ብሎ ተማሪዎቹ የበዳዩን ሐሳብ በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ያድርግ። የተበዳዩን እንባ ማንም ይናገረዋል፤ በዳዩ ራሱን እንዴት እንዳሳመነ መናገር ግን ለገዛ ሕይወት ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፤ በልብ ወለድ ምክንያት የማንም ሰው ገበና አይገለጥ። ተማሪው ስለ ቤቱ ኀዘን እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ በክፍል ፊት አይገደድ፤ «የእገሌ አባት እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ነው» የሚባል ጨዋታም አይፈቀድ። ናታን ንጉሡን የገሠጸው በራሱ በንጉሡ ፊት እንጂ በሕዝብ አደባባይ አይደለም። መጽሐፍ ራስን ለማየት የተሰጠ መስተዋት ነው፤ በጎረቤት ፊት ላይ የሚያዞረው ሰው ጠብ ያተርፍበታል።

አራተኛ፤ ሽማግሌዎች የተሰጣቸው ክብር ለዚህ ሥራ ታላቅ ኃይል አለው። በሽምግልና ሁለት ወገን ሲያስታርቁ፣ የተጣሉት የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን የዋጡትንም ነገር መስማት እንደሚያስፈልግ ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። ልብ ወለድ የሚያስተምረው ይህንኑ የሽምግልና ጥበብ ነው። ስለዚህ የጋብቻ ጥያቄ ይዘው ወደ አንድ ቤት የሚገቡ ሽማግሌዎች፣ ለአባትየው ከመናገራቸው በፊት «ልጅቱስ ተጠይቃለችን?» ብለው ቢጠይቁ፣ በምሳሌው እንደ ተባለው ያለ አባት በቀጠሮው ቀን ከማፈር ይድናል፤ ልጅቱም ጠላ እየቀዳች የራሷን ነገር ከመስማት ትድናለች።

የተከበራችሁ መምህራንና ሽማግሌዎች፤ ዛሬ ማታ በብዙ ቤት ሰዎች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእነርሱም አንዱ ያልተናገረው ነገር አለው፤ ምናልባት የደከመ ዐይን ነው፤ ምናልባት የቀረ ትምህርት ነው፤ ምናልባት ከብዙ ዘመን በፊት የተነገረ ክፉ ቃል ነው። ስለ ሌላ ሰው ሕይወት የሚያዝን መጽሐፍ ለዚያ ቤት ቢነበብ መልካም ነው። ከተነበበም በኋላ መጽሐፉ ታጥፎ፣ ዝም ወዳለው ሰው ዞር ተብሎ «አንተስ? አንቺስ?» ተብሎ ቢጠየቅ የንባቡ ዋጋ ያን ጊዜ ይከፈላል።